አባቴና የእሽቅድምድሙ ከተማ

መርሳ ላይ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ሁለት ቴሌቪዥን ያላት ጌም ቤት ነበረችኝ። ሴት ልጅ ጌም ቤት ከፈተች ተብሎ ያልተባለ ነገር የለም። እኔ ግን ለሐሜቱ ጊዜ አልነበረኝም፤ ከሚያሙኝም ግማሾቹን አሥር ሰዓት ሲሆን እዚያው አግዳሚ ወንበሬ ላይ ተደርድረው ተራ ሲጠብቁ አገኛቸው ነበር። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ለኳስ ነው። እኔ የምወደው የመኪና እሽቅድምድሙን ነበር። ሜዳ እየዞሩ የሚጨርሱት ዓይነት አይደለም። ሙሉ ከተማ ነው፤ ወደብ አለው፣ ድልድይ አለው፣ ከከተማው ወጥቶ ተራራ የሚወጣ መንገድ አለው። ከፈለጉ እሽቅድምድሙን ትተው ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሲዞሩ መዋል ይቻላል። ውድድሩ በጎዳና ላይ በድብቅ የሚደረግ ስለሆነ ፖሊስ ያሳድዳል፤ ከያዘም መኪናውን ይወስዳል። ስለዚህ ለአዲስ ተጫዋች የማስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አትቁም።

እኔን ይህን ማስተማር አላስፈለገም። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «ዘጠኝ ወር መታገሥ አቅቷት በሰባት ወሯ የወጣች» ትለኝ ነበር። እንጀራ ሳይበስል አነሳለሁ፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ እመልሳለሁ። መርሳ ውስጥ በዚያ ጨዋታ የሚቀድመኝ ወንድ አልነበረም፤ ይህን ስል እስከ ዛሬ ትንሽ ደስ ይለኛል።

አባቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የስኳር በሽታው ዓይናቸውን እያደበዘዘው ሲመጣ መንጃ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ሄደው ዓይን ምርመራው ላይ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ መለየት ሆነ ሥራቸው። «ይኸ ፍሬኑ አልቋል፣ ደሴ አይደርስም» ይላሉ፤ ሰማያዊ ይሁን ቀይ ግን አያውቁትም። አንጀቴን ሲበሉኝ አንድ ቀን ጌም ቤት ወስጄ ጆይስቲኩን አስያዝኳቸው። አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉና «ቢስሚላህ» ብለው መኪናዋን አስነሡ።

አቤት የተሳቀው ሳቅ! አባቴ በእሽቅድምድሙ ከተማ ውስጥ በሕግ ይነዱ ነበር። ቀይ መብራት ላይ ይቆማሉ። እግረኛ ይጠብቃሉ። ጨዋታው ፍሬቻ የለውም፤ እሳቸው ግን ከመታጠፋቸው በፊት «ወደ ቀኝ ነኝ» ብለው ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ምስክር እንዲሆናቸው ይመስል። የፖሊስ ሳይረን ሲሰሙ ደግሞ ዳር ይዘው ሞተር ያጠፋሉ። ወዲያው ተያዝክ የሚል ጽሑፍ ይመጣና መኪናዋ ትወሰዳለች። «ምን አጠፋሁ? ሊብሬ እንኳ ሳይጠይቀኝ?» ብለው ወደ እኔ ይዞራሉ። ተጫዋቾቹ ስም አውጥተውላቸው፣ ገና ከበር ሲገቡ «ትራፊኩ መጡ!» ይባባሉ ነበር።

«አባባ፣ አይቁሙ እንጂ! የቆመ እኮ ይሸነፋል» እላቸዋለሁ።

«ወዴት ልደርስ?» ይሉኛል።

አንድም ውድድር ስላልገቡ ጨዋታው መጀመሪያ የሚሰጠውን አሮጌ መኪና እስከ መጨረሻው አልቀየሩም። ከተማውን ግን ከሁላችንም በላይ ያውቁት ነበር። ወደቡን አሰብ ይሉታል። ዋሻው ጣርማ በር ነው። የተራራው ጥምዝምዝ ግራካሱ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ማርሽ የሚቀይሩ ይመስል ትከሻቸው ይንቀሳቀሳል። ዓይናቸው የቴሌቪዥኑን ብርሃን እንጂ ዝርዝሩን እንደማያይላቸው አውቅ ነበር። መንገዱን በቃላቸው ይዘውት ነው የሚነዱት።

ጦርነቱ ሲቃረብ መጀመሪያ የሄደው መብራት ነው። ጌም ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው፤ እሱስ ይዘጋ። የኔ ጭንቀት ጥግ ላይ ያለችው የለስላሳ ፍሪጅ ነበረች፣ ምክንያቱም የአባቴ ኢንሱሊን የሚቀመጠው እዚያ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ይወጋሉ፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የምወጋቸው እኔ ነኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ ዕቃዋን እየሸከፈች አገኘኋት። የነበረው ማለቁን ነገረችኝና፣ ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ ቀብሬ ጥላ ላይ እንዳስቀምጥ መክራኝ፣ በዚያው ቀን ወደ ደሴ ሄደች። በእጃችን ሁለት ብልቃጥ ቀረ። ሌላው ሰው ስለ ጦርነቱ ብዙ ያወራ ነበር፤ ማን የት ደረሰ፣ ማን ምን አለ። ለእኔ ጦርነቱ አንድ ነገር ሆነ፤ ሁለቱ ብልቃጥ ሳያልቁ አባቴን ይዞ ደሴ መድረስ።

ወልድያ ተያዘች በተባለ ማግሥት፣ ገና ሲነጋጋ፣ ጎረቤታችን ባለሱቁ በራችንን አንኳኳ። ክርስቲያን ነው፤ ኢድ እኛ ቤት፣ ፋሲካ እሱ ቤት ስንል የኖርን ነን። አንድ አይሱዙ አለው። ሹፌሩ ቤተሰቡን አመጣለሁ ብሎ ወልድያ እንደገባ ቀርቶበታል።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ በቀር ሰው የለኝም» አላቸው። «እኔ መሪ ጨብጬ አላውቅም። መኪናው ቆሟል፣ የሰፈሩ ሰው ደጃፌ ላይ ተቀምጧል።»

 አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «ዓይን ትሆኚኛለሽ?» አሉኝ።

ጨርሰው ሳይናገሩ «እሆናለሁ» አልኩ።

ያን ጠዋት ሁሉንም ነገር በጥድፊያ አደረግሁት። ጌም ቤቱን ቆለፍኩ። ብልቃጦቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ፔርሙዝ ውስጥ ከተትኩ። አባቴን እዚያው በቆሙበት ወጋኋቸው። መንገድ ላይ ይበላሉ ብዬ ቂጣ በፌስታል ቋጠርኩ፤ ፌስታሉን ማን እንደተቀበለኝ አላውቅም፣ ከኋላ ከፍራሽና ከጆንያ ሥር ሆነ። ጭነቱ ላይ ሰው በሰው ላይ ተቀመጠ። ባለሱቁም ጋቢናውን ለእኛ ትቶ ከሰዉ ጋር ከኋላ ተሳፈረ።

አባቴ መሪውን ሲይዙ ወጣት ሆኑ። ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም። የወገባቸው ጉብጠት ጠፋ፤ እጃቸው ማርሹን ሳይፈልገው አገኘው።

«ከፊት ምን አለ?»

«አህያ የሚነዱ ሰዎች፣ በቀኝ በኩል።»

«ርቀቱ?»

«ሁለት ምሰሶ።»

በሜትር ብናገር አይገባቸውም ነበር። በረዳትነት ዘመናቸው የተማሩት በመንገዱ ዳር ባለው የስልክና የመብራት ምሰሶ መለካት ነው፤ እኔንም በአምስት ደቂቃ አስተማሩኝ። አስፋልቱ በክረምቱ ዝናብ ርሷል። ሰው ፍራሽ ተሸክሞ፣ ከብት እየነዳ፣ ዶሮ ታቅፎ ይሄዳል። አባቴ በዚያ ሁሉ መሐል አንድም ሰው ሳይነኩ፣ በቀስታ፣ ክላክስ እንኳ ሳያበዙ ሄዱ። ከኋላችን የሚመጡት መኪኖች ግን እየቀደሙን ያልፋሉ። ደሜ ይፈላል።

«አባባ፣ ትንሽ ይጨምሩ።»

«የጫንኩት ሰው ነው» አሉ።

ወደ ውርጌሳ ስንቃረብ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። የሞተሩ ሙቀት መሰለኝ። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይጠይቁኝ ጀመር፤ «ከፊት ምን አለ?» እነግራቸዋለሁ፤ ወዲያው «ከፊት ምን አለ?» ይላሉ። ሰለቸኝና በቁጣ መለስኩላቸው። በዚህ መሐል ነው ከቀኝ በኩል ከአንድ መንደር ጀናዛ ይዘው የወጡ ሰዎች ያየሁት። አስፋልቱን ሊሻገሩ ነው። ሰዉ በሚሸሽበት ቀን የሞተም መቀበር አለበት መቼም።

«ጀናዛ እየተሻገረ ነው» አልኩ። ዋሽቻቸው ቢሆን ይሻል ነበር። «ግን እለፉ እያሉን ነው፣ አባባ። እጃቸውን እያወዛወዙ ነው።»

እውነት ነው፤ ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች እለፉ፣ እለፉ ይሉን ነበር። እነሱም ቀኑ ምን ቀን እንደሆነ ያውቃሉ። አባቴ ግን መኪናውን ዳር አስይዘው የእጅ ፍሬኑን ሳቡና ሞተሩን አጠፉ። በእኛ አገር መንገድ ላይ ጀናዛ የገጠመው ሹፌር ይቆማል፤ ወንዶቹም ወርደው ቃሬዛውን ጥቂት እርምጃ ያግዛሉ። ይህ የታወቀ ነው። በዚያን ቀን ግን ከፊታችን የነበሩት ሁሉ አልፈዋል።

«አባባ፣ በአላህ!»

«ጀናዛ አይቀደምም» አሉ። በሩን በዳበሳ ከፍተው ወረዱ። ባለሱቁ ከኋላ ዘሎ ክንዳቸውን ያዛቸው፤ ሌሎችም ተከተሉ። አባቴ የቃሬዛውን እግር ጨብጠው ከሰዎቹ ጋር ወደ መቃብሩ ሲሄዱ ጀርባቸውን አየሁ።

እኔ ጋቢና ውስጥ ቀረሁ። ቁልፉ ተሰክቷል፤ መንዳት ግን አልችልም። ያ ሁሉ ዋንጫ፣ ያ ሁሉ ከፖሊስ ማምለጥ፣ እውነተኛ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ፍሪሲዮኑን እንኳ መርገጥ አላውቅም። ሚኒባስ አለፈን። የጭነት መኪና አለፈን። አንዱ ቀጭን ሹፌር በመስኮቱ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ጮኸብኝ። በንዴት ክላክሱን ተጫንኩት፤ ለጀናዛ ክላክስ ነፋሁ። ሰዎቹ ዞር ብለው አዩኝ። አፈርኩ፣ ግን አላቆምኩም።

ሲመለሱ ፊታቸው ታጥቦ፣ ላባቸው ደርቆ፣ ተረጋግተው ነበር። «በይ፣ ዓይኔ፣ ቀጥይ» አሉኝ። ፊቴን አኮሳትሬ «መንገዱ ክፍት ነው» አልኩ። ጥቂት እንደሄድን ከፊት የሚመጡ መኪኖች መብራት እያበሩ እያጠፉ መጡ። «ተመለሱ! ተዘግቷል! ወደ ውጫሌ ተኩስ ነው!» ይላሉ። ያ ሚኒባስ፣ በጀናዛው ሰዓት ያለፈን፣ ደሴ ገብቷል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ግን ልቤ ነግሮኝ ነበር።

ወደ መርሳ ተመለስን። መግቢያው ላይ የታጠቁ ሰዎች አስቆሙን፤ ሰዉን አስወርደው መኪናውን እንወስዳለን አሉ። ባለሱቁ ተንበረከከ። አባቴ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው የሚቀበላቸውን ሰው በድምፁ ፈለጉት፣ ሰጡትም። «ሦስተኛ ማርሹ ይከብዳል፣ ልጄ። ሳትጫነው አስገባው» አሉት። ሰውየው ቁልፉን ይዞ ጋቢና ገባ። እኔ ግን አባቴን ያን ጊዜ ጠላኋቸው። ቃሉ ከባድ ነው፤ ሌላ ቃል ግን የለኝም።

ጌም ቤቷ ተሰብራ ጠበቀችኝ። ቴሌቪዥኖቹ የሉም፣ ማሽኖቹ የሉም፣ ፍሪጇም የለችም። አግዳሚው ሥር አንድ ጆይስቲክ ገመዱ ተበጥሶ ወድቆ አገኘሁና ይዤው ገባሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ገንቦውን አሸዋ ሞልቼ፣ ውኃ አርከፍክፌ፣ ብልቃጦቹን ቀበርኳቸው። በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት አሸዋውን ማርጠብ ሥራዬ ሆነ። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ መንገድ የለም፣ ጤና ጣቢያው ባዶ ነው። መርፌውን መቀነስ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ሌላ ምን ላደርግ?

አባቴ ከዚያ ጉዞ ወዲህ አንድ አዲስ ጠባይ አመጡ። መርፌውን ይዤ ስቀርብ «ምግቡ ቀርቧል?» ይሉኛል። ሳህኑን በእጃቸው ዳስሰው ካላረጋገጡ ክንዳቸውን አይሰጡኝም። ወፍጮ ቤቱ ከቆመ ቆይቷል፤ የምንበላው የማሽላ ንፍሮ ነው፣ እሱም ሲገኝ። «ቀርቧል፣ ማን ይወስድብኛል ብለው ነው?» እላቸዋለሁ። እርጅና ያመጣው ነዝናዛነት መሰለኝ።

ጆይስቲኩ እንዳለኝ ሲያውቁ ስጪኝ አሉ። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ያደርጉትና አውራ ጣታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። መጀመሪያ ሳየው ሊያስለቅሰኝ ደረሰ። ከዚያ «ንገሪኝ እስቲ፣ ከፊት ምን አለ?» ይሉኝ ጀመር። እኔም ያን የጨዋታ ከተማ እየጠራሁ እነግራቸዋለሁ፤ ወደቡ፣ ድልድዩ፣ መብራቱ። መብራቱ ቀይ ነው ስላቸው ጣታቸው ይቆማል። ሌላ የምሰጣቸው ነገር ስላልነበረኝ ይህን ሰጠኋቸው። አንዳንድ ቀን ሁለታችንም ጦርነቱን እንረሳው ነበር፤ በተለይ እኔ ሆን ብዬ መንገድ ሳሳስታቸውና እሳቸው «የለም፣ እዚያ ጋ እኮ ድልድዩ ነው» ብለው ሲያርሙኝ።

ሁለተኛው ብልቃጥ ከተጋመሰ በኋላ ግን ክፉ ሆንኩ። እግራቸው አብጦ፣ ሌሊትና ቀን ውኃ እየጠማቸው፣ ሰውነታቸው እየቀለለ ሳይ፣ የምበቀለው ሰው ፈለግሁ። አንድ ከሰዓት በጨዋታው ከተማ ፋንታ የእኛን መንገድ ነገርኳቸው። ከመርሳ ወጣን። ሰው በዝቷል። አህያ፣ ሁለት ምሰሶ። ጣታቸው ይከተለኛል።

«ውርጌሳ ደረስን» አልኩ። «ጀናዛ እየተሻገረ ነው። እለፉ እያሉን ነው። አሁንስ ይቆማሉ?»

ጣታቸው ጆይስቲኩ ላይ ቆመ።

«ብናልፍ ኖሮ ዛሬ ደሴ ነበርን» አልኩ። «የሞተው ሞቷል። በሕይወት ያለነውን ገደሉን።»

 የሚሉት ነገር እንደነበራቸው ዛሬ አውቃለሁ። ያሉት ግን «ጀናዛ አይቀደምም፣ ልጄ» ብቻ ነው። ተነሥቼ ገባሁ፤ እሳቸውን እዚያው በረንዳ ላይ ጥዬ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት አልጋ ያዙ። ባለሱቁ ሊጠይቃቸው መጣ፤ ከየት እንዳገኛት እንጃ፣ ለአባቴ ብሎ ዱቄት በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ነበር። አባቴ አንቀላፍተዋል። ስለ ብልቃጡ ጠየቀኝና አንድ ጊዜ የምትበቃ ብቻ እንደቀረች ነገርኩት። ከዚያም አፌን አልያዝኩም፤ «ጀናዛ አጅበን ለራሳችን ጀናዛ ደረስን» አልኩ።

ፊቱ ተለዋወጠ። ክንዴን ይዞ ወደ ግቢው አወጣኝ።

«ቃል አስገብተውኝ ነበር፣ እህቴ። ግን እንዲህ እያልሽ አልችልም» አለኝ። «ያን ዕለት ጋሼ የቆሙት ዓይናቸው ጨልሞባቸው ነው። ያቺ ያለቻቸው ብርሃንም ጠፍታ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስይዛቸው ልብሳቸው በላብ ርሷል። ቃሬዛውን የተሸከሙ መስሎሽ ይሆናል። ይዘውት ነው የሄዱት፣ እንዳይወድቁ።»

ምንም አልገባኝም።

«መቃብሩ ጋ ስንደርስ ተቀመጡና ‹ስኳር፣ ቶሎ ስኳር› አሉኝ። አንዲት እናት ከቤቷ በጣሳ በጥብጣ አመጣችላቸው። ጠጥተው ነፍሳቸው ሲመለስ ነው የነገሩኝ። ‹መርፌውን ተወግቼ ሳልበላ ስለ ወጣሁ ስኳሬ ወርዶ ነው፤ ሠላሳ ሰው ጭኜ እንዴት ልንዳ?› አሉ። ‹ለልጄ ግን እንዳትነግራት፤ ቸኩላ ነው የወጋችኝ፤ ይህን ካወቀች ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች› አሉኝ።»

ግቢው ውስጥ ያለች የፓፓያ ዛፍ ነበረች፤ እሷን ይዤ ቆምኩ። ፌስታሉን አስታወስኩት። ቂጣው ከፍራሽ ሥር እንዴት እንደገባ፣ «በኋላ አወጣዋለሁ» እንዳልኩ፣ እንዳላወጣሁት። ሦስት ወር ሙሉ በልቤም በአፌም ስወቅሳቸው፣ አንዴ እንኳ «አንቺ ነሽ» ሳይሉኝ። ባለሱቁ «አይዞሽ» እያለ ቆየ። መጽናናት አልፈለግሁም። ሮጬ ገብቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን ተኝተዋል፣ እንቅልፍ ካገኙ ደግሞ ቀናት ሆኗቸዋል። ሲነቁ እነግራቸዋለሁ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሲነጋ እያስመለሳቸው ነበር። የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም። ትንፋሻቸው ዳገት እንደሚወጣ ሰው ከባድና ፈጣን ሆኗል። ጆሯቸው ሥር ተንበርክኬ «አባባ፣ ሰምቻለሁ። ሳላበላዎት የወጋሁዎት እኔ ነኝ። አውፍ ይበሉኝ» አልኩ። ደጋግሜ አልኩ። ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ድምፄ ዞሩ። ለእኔ የመለሱልኝ ይሁን እንደ ልማዳቸው ይሁን እንጃ፣ «ምግቡ ቀርቧል?» አሉ።

«ቀርቧል» አልኩ። አልቀረበም ነበር። ባለሱቁ ባመጣት ዱቄት አጥሚት ሠራሁ። ብልቃጡን ከአሸዋው አውጥቼ የቀረችውን ሁሉ ወደ መርፌው ሳብኳት። በአንድ እጄ መርፌውን፣ በሌላው ማንኪያውን ይዤ ተቀመጥኩ። አጥሚቱን አፋቸው ተቀበለው፤ ከዚያ በጉንጫቸው በኩል ወረደ። ጠረግሁና ሌላ ማንኪያ አቀረብኩ። እሱም ወረደ።

ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ ነርሷ ከደሴ ስትመለስ ጠይቄያታለሁ። ያ ዓይነት ትንፋሽ ሲመጣ ምግብ አይጠበቅም፣ መወጋት ነበረባቸው አለችኝ። ያድናቸው ነበር ወይ ስላት፣ አንድ ቀን፣ ምናልባት ሁለት ቀን፣ አለችኝ። ያን ጠዋት ይህን የሚነግረኝ ሰው መርሳ ውስጥ አልነበረም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱንም ያወቅሁት ገና በዋዜማው ነው፤ ሳይበሉ አይወጉም።

ስለዚህ ጠበቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ታግሼ አላውቅም። «አባባ፣ አንዲት ብቻ ይዋጡልኝና እወጋዎታለሁ» እላለሁ። አጥሚቱ ሲቀዘቅዝ አሞቅሁት። እንደገና ሲቀዘቅዝ እንደገና አሞቅሁት። መርፌው እንዳይሞቅ በእርጥብ ጨርቅ ይዤው ነበር። ከቀትር በፊት ትንፋሻቸው ቀስ አለ፤ ያረፉ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ጨርሶ ቆመ። ማንኪያውን አስቀመጥኩ፤ መርፌውን ግን እንደሞላ ወስጄ፣ እንዳይበላሽ፣ እርጥቡ አሸዋ ውስጥ መልሼ ቀበርኩት።